የቮልስ የበር መስታወት፦ ያገለገለ፣ አዲስ ወይስ አስቆርጦ?

ቮልሴን ሳሳድስ የቀኙን በር መስታወት ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ጭረት አልነበረውም፣ ዋጋውም ጥሩ ነበር። በሩ ውስጥ አስገብተን ወደ ላይ ስናነሳው ግን ከላይ ክፍተት ቀረ። ሻጩ «የቮልስ ነው» ብሎኝ ነበር፤ አልዋሸም። የሌላ ዘመን ቮልስ መስታወት ነው እንጂ።

ስለዚህ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት የመኪናችሁን ዘመን ለዩ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1964 ጀምሮ፣ ማለትም ከ1965 ሞዴል አንስቶ፣ ፋብሪካው የቢትልን፣ ማለትም እኛ ቮልስ የምንላትን መኪና፣ መስታወቶች በሙሉ አስፍቷቸዋል። የበሩ መስታወት አደገ። ከፊቱ ያለችው የምትከፈተዋ ትንሽ መስታወት ቋሚም ዘንበል አለ። ከዚያ በፊት የተሠራው ከዚያ በኋላ ለተሠራው አይሆንም፤ የኋላኛውም ለቀድሞው እንደዚያው። ሊብሬው ላይ ባለው ዓመት ብቻ አትተማመኑ። የእኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር እዚያ ላይ በቀላሉ ይምታታል። የኋላውን ወንበር አንሡና የሻንሲ ቁጥሩን እዩ። ጀርመን የተሠራ ሆኖ ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ ካለው፣ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይነግራችኋል። በ117 ከጀመረ የ1967 ሞዴል ነው። አሥር አኃዝ ከሆነ ከ1970 ሞዴል ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው።

ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ የምታገኙት ያገለገለ ኦሪጅናል ብዙ ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው። መስታወቱ ሥር የሚነክሰው የብረት ቦይ አብሮት ይመጣል። ይህ ብረት ከማንሻው ጋር የሚያያዘው ነው፤ ለብቻው መፈለግ ያደክማል። ስትገዙ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዙሩና ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ፈልጉ። አቧራ የመስታወቱን ዳር በሚይዘው ላስቲክ፣ በጎሚኒው፣ ውስጥ ገብቶ፣ መስታወቱ በወረደና በወጣ ቁጥር የሚፍቀው ነው። ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት በፖሊሽ አይጠፋም፤ ተዉት። ከዚያ ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱ። ጠርዙ የተፈለጠ ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት አንድ ቀን በሩን ስትዘጉ ሊረግፍ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ እንቆርጠዋለን» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ። ቴምፐርድ መስታወት መጀመሪያ በልኩ ይቆረጣል። ከዚያ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና በአየር በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ጥንካሬውን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መቁረጫ ከነካው በሙሉ ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣል።

አዲሱ ከውጭ የሚታዘዘው ነው። ቢትል ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስለተሠራ ዕቃው አሁንም ይገኛል። ጭረት የለውም፣ ልኩም አያስቸግርም። ማዕዘኑ ላይ ክብ ውስጥ የተጻፈ ኢ (E) ፊደልና 43አር (43R) የሚል ምልክት ካለ የመኪና ደህንነት መስታወት ነው። ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣላችሁ ከሆነ ግን ጠርዙን ዙሪያውን በወፍራም ካርቶን ያልብሰው። የቴምፐርድ ድካሙ ፊቱ ሳይሆን ጠርዙ ነው። የግራና የቀኙን አብራችሁ እዘዙ፤ አንዱ ጥርት ያለ፣ ሌላው አረንጓዴ የሚል ሆኖ ሲገጠም ዓይን ይወጋል።

ሦስተኛው መንገድ ላሚኔትድ መስታወት ማስቆረጥ ነው። ይህን የሚያስችለን የቢትል በር መስታወት ጠፍጣፋ መሆኑ ነው፤ ጎባጣ ቢሆን አይሞከርም። ላሚኔትድ ሁለት መስታወት ሆኖ መሃሉ ስስ ፕላስቲክ አለው። ሁለቱም ፊት ይጫራል፣ ይሰበራል፣ ፕላስቲኩ በምላጭ ይለያል። ከ1965 በፊት የተሠራ ቮልስ ላለውና መስታወት ፈልጎ ላጣ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ቢሰበርም ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መስታወት ሰብሮ ዕቃ ለሚወስድ ሌባም ጊዜ ይወስድበታል። በዚያው ልክ በአደጋ ጊዜ በመስኮት ለመውጣት ከፈለጋችሁ እናንተንም ይይዛችኋል። ይህን አውቃችሁ ምረጡ።

የሚሳሳቱበት ቦታ ውፍረቱ ላይ ነው። ለሕንፃ የሚሸጠው ላሚኔትድ ብዙ ጊዜ 6.38 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለቮልስ በር ወፍራም ነው። በጎን ቦዩ ውስጥ ይጨናነቃል፣ ማንሻውን ያደክመዋል። የአሮጌውን መስታወት ውፍረት በካሊፐር ለኩና ይዛችሁ ሂዱ። ቅርጹን ከሌላው ጎን ደህና በር በካርቶን ውሰዱ፤ ገልብጣችሁ መጠቀማችሁን አትርሱ። ጠርዙም በደንብ ይሞረድ። ሥሩ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ እርጥበት ወደ ፕላስቲኩ ይገባና ዳር ዳሩ ወተት ይመስላል።

ፕሌክሲግላስ? ክብደቱ የመስታወት ግማሽ ነው፤ ለውድድር መኪና ይሁን። በየቀኑ አቧራ ለሚጠጣ መኪና አይሆንም፤ ጎሚኒው ራሱ ይፍቀዋል። የቤት መስኮት መስታወት ደግሞ በፍጹም። ሲሰበር እንደ ቢላ ረጃጅም ሆኖ ነው የሚሰነጠቅ፣ እሱም አንገታችሁ አጠገብ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ከ1965 ወዲህ ላለ ቮልስ ጠርዙ ደህና የሆነ ያገለገለ ካገኛችሁ እሱን ግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ በሙሉ ጎሚኒ ላይ አውሉት። የጎኑ ጸጉራም ጎሚኒና ውጪውን የሚጠርገው ላስቲክ ካረጁ አዲሱ መስታወትም በአጭር ጊዜ ይጫራል። ድንጋይ ባለበት መንገድ ሲንቀጫቀጭ የሚሰማው ድምፅም ከእነሱ ነው። አዲስ መስታወት በአሮጌ ጎሚኒ ከመግጠም አሮጌ መስታወት በአዲስ ጎሚኒ ይሻላል።

ስትገጥሙ፣ የታችኛውን ብረት ከአሮጌው መስታወት ከማውጣታችሁ በፊት ከጠርዙ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ ለክታችሁ ጻፉ። ትንሽ ከሳተ መስታወቱ አግድም ይሄዳል፣ መሃል ላይም ይነክሳል። ብረቱን ስታስገቡ በመሃል ያለውን ላስቲክ በሳሙና ውሃ አርጥቡት፤ በእንጨት ላይ በጎማ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። የብረት መዶሻና ካቻቢቴ ወደ ጠርዙ አይጠጉ። ብሎኖቹን መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። መስታወቱን እስከ ላይ አንሡት፣ ቦታውን ራሱ ይያዝ፣ ከዚያ አጥብቁ።

በሩ ክፍት ሳለ ሥሩ ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ጥረጉ። የቮልስ በር ከሥሩ የሚበላው እነሱ ሲደፈኑ ነው። ከውስጥ የሚለጠፈውንም ፕላስቲክ መልሱ፤ አለበለዚያ በሩን ከውስጥ የሚሸፍነው ካርቶን በስብሶ ይጣመማል። ካርቶኑን ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ መስታወቱ ላይ ከውጭ አፍስሱ። ከበሩ ሥር መንጠባጠብ ሲጀምር መዝጋት ትችላላችሁ።