ቫይረስ ቶታል፦ ያልተጠበቀ ማስፈንጠሪያን ለመመርመር ምን ያህል ይረዳል?

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ ምንም ዕቃ ሳላዝ፣ «ጥቅልዎ ተይዟል፤ የት እንደደረሰ ለማየት ይህን ይጫኑ» የሚል ኢሜይል ቢደርሰኝ፣ ማስፈንጠሪያውን ሳልከፍት ገልብጬ በቫይረስ ቶታል አስመረመርሁት። እ.ኤ.አ. በ2004 ስፔን ውስጥ የተጀመረውና በ2012 ጉግል የገዛው ይህ ነጻ አገልግሎት አንድን የድረ ገጽ አድራሻ በበርካታ የደኅንነት መመርመሪያዎች በአንድ ጊዜ ያስፈትሻል።

ፍጥነቱን ወድጄዋለሁ፤ ውጤቱን ግን እንደ መጨረሻ ፍርድ መቀበል አይገባም። ትናንት የተከፈተ የማጭበርበሪያ ገጽ በመመርመሪያዎቹ ዘንድ ገና ስላልተመዘገበ ንጹሕ መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ በአንጻሩ ሕጋዊ ድርጅቶችም ማን እንደከፈተው ለመቁጠር በሌላ ኩባንያ አድራሻ በኩል የሚያልፍ መከታተያ ስለሚጠቀሙ፣ የአድራሻው እንግዳነት ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም። ይበልጥ ያሳሰበኝ ያስገባነው አድራሻ ለሌሎች ተጠቃሚዎችም ሊታይ መቻሉ ነው፤ ስለዚህ የይለፍ ቃል መቀየሪያን የመሰለ የግል ማስፈንጠሪያ እዚያ ባይገባ ይሻላል።

የእኔ ምርመራ «ንጹሕ» የሚል ውጤት ነበር ያመጣው። ጥርጣሬዬን ያጸናው የጥቅሉ ቁጥር ነው፤ ዓለም አቀፍ የፖስታ መከታተያ ቁጥር 2 ፊደላት፣ 9 አኃዞችና 2 የአገር መለያ ፊደላት ሲኖሩት፣ የተላከልኝ 8 አኃዝ ብቻ ነበር። ለማንኛውም ብዬ ፖስታ ቤት ሄጄ ብጠይቅም፣ በስሜ የመጣ ጥቅል አልነበረም።