ለአሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ የፍሬን ማስተር፦ ኦርጅናሉ፣ ኮፒው፣ የታደሰው ወይስ ትልቁ?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አባቴ ያወረሰኝ የቶዮታ ላንድክሩዘር 45 ፒክአፕ ፔዳል ከእግሬ ሥር ቀስ እያለ መስመጥ ጀመረ። ደግሜ ስረግጠው ትንሽ ይዞ ቆየና እንደገና ሰመጠ። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እያጓራ፣ የእጅ ፍሬን እየሳብኩ ዳር ይዤ ቆምኩ። አራቱንም ጎማ ዞሬ አየሁ፤ የፈሰሰ ዘይት የለም። የፍሬን ዘይት መያዣውም እንደሞላ ነው። ያለቀው የማስተሩ፣ ማለትም የእግርን ግፊት በዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚልከው ዋናው ሲሊንደር፣ ጎሚኒ (የውስጥ ላስቲኩ) ነበር፤ ግፊት የሚይዘው ከንፈሩ ተበልቶ፣ ወደ ጎማዎቹ መሄድ የነበረበት ዘይት በጎኑ እያለፈ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ያ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔና በጎረቤቶቼ መኪናዎች ላይ አራቱንም ዓይነት ማስተር ገጥሜ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘር፣ ረጅሙን 45 ፒክአፕ ጨምሮ፣ ዛሬም ጭነት ይዞ ዳገት ይወጣል፤ ስለዚህ የሚገዙ ሰዎች ቢያንስ የእኔን ስሕተት ባይደግሙ እወዳለሁ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማስተሩ ነው?

ሞተሩን አስነስተው ፔዳሉን ጠበቅ አድርገው ረግጠው ይያዙ። ውጭ የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ ማስተሩ ከውስጥ እያሳለፈ ነው። በመጀመሪያው ርግጫ ዝቅ ብሎ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ከፍ የሚል ከሆነ ግን ማስተሩን አይወንጅሉት፤ ሸራው (ተጭኖ የሚያቆመው) ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከበሮ) ርቋል ወይም አየር ገብቷል። በእነዚህ መኪናዎች የፊት ታምቡር ውስጥ ሁለት ሁለት ሲሊንደር አለ፤ እያንዳንዱ ሸራም የራሱ ማስተካከያ አለው። አንዱ ብቻ ቢረሳ ፔዳሉ ዝቅ ይላል። አዲስ ማስተር ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ፔዳሉ እንደነበረው ሲቀር ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው፤ መኪናው የሚፈልገው በካቻቢቴ ሸራውን ማስጠጋት ብቻ ነበር።

ኦርጅናል አምራቹና ኮፒው

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ከሩቅ መንታ ይመስላሉ። ልዩነቱ ውስጥ ነው። የዘይት መያዣውን አንሥተው በባትሪ ብርሃን ወደ ታች ቢያዩ ሁለት ቀዳዳዎች ያገኛሉ፤ አንዱ ሰፋ ያለ ነው፣ ሌላኛው ከመርፌ ጫፍ ብዙም አይበልጥም። ይህች ትንሿ ቀዳዳ እግርዎን ሲያነሡ ግፊቱ ወደ መያዣው የሚመለስባት በር ናት። ከተዘጋች ፍሬኑ አይለቅም።

የመጀመሪያው ግዢዬ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የገዛሁት ስም የሌለው ኮፒ ነበር፤ ዋጋው ከኦርጅናሉ ግማሽ አይሞላም። ሁለት ቀን ያለ እንከን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ መኪናው ከበደኝ፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ገባ፤ ወርጄ ቸርኬው ላይ ውኃ ጠብ ባደርግ ጢስ ብሎ ጠፋ። ማስተሩን ፈትቼ ሞርሳ ላይ አሥሬ ወደ ብርሃን ሳዞረው፣ ትንሿ ቀዳዳ ስትበሳ የቀረ የብረት ስንጣሪ ግማሿን ሸፍኗታል። ያው ስንጣሪ አዲሱን ጎሚኒም ጫፉን ላጭቶታል። ሲበርድ ትንሽ ታሳልፍ ነበር፤ ዘይቱ ሞቆ ሲያብጥ ግን አልበቃችም።

ለቶዮታ ማስተር የሚሠራው አይሲን በራሱ ሳጥንም ይሸጣል፤ በመኪናው አምራች ሳጥን ከሚመጣው ይረክሳል፣ ጥራቱ ግን ያው ነው። በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው ገዢ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ እንደ ሴይኬን ያሉ፣ የፍሬን ጎማ ዕቃ ሥራቸው የሆነ የጃፓን አምራቾችን አምናለሁ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጎሚኒውን ለብቻው ስፈልግ ስለማገኘው ነው። ስም ለሌለው ኮፒ ግን ልኩን የያዘ ጎሚኒ ፍለጋ ሌላ መከራ ነው።

ሳጥኑን አይመኑ፤ ሳጥን የሚያትም ብዙ ነው። ሱቁ ውስጥ ሆነው ይክፈቱት። የውስጡ ግድግዳ እንደ መስታወት ያበራ እንደሆነ፣ ትንሿ ቀዳዳ ጥርት ብላ ትታይ እንደሆነ፣ ፒስተኑን በእንጨት ገፍተው ሲለቁት ሳይንገራገጭ ይመለስ እንደሆነ ይዩ። ይህን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን መልሰው ኪስ ይክተቱ። ዘመድ ከዱባይ ወይም ከሻርጃ የሚያመጣልዎ ከሆነም የሻንሲውን ቁጥርና የድሮውን ማስተር ፎቶግራፍ ከሦስት አቅጣጫ ይላኩለት፤ «የ45 ማስተር» ብቻ ብሎ መላክ የአንድ ዓመት ጉዞ ያስከፍላል።

የድሮውን ማሳደስ

ማስተሩ የብረት ከሆነና ግድግዳው ዝገት ካልበላው፣ ጥሩ የጎሚኒ ኪት ቀይሮ መቀጠል ነውር የለውም። ጥፍርዎን በውስጡ ግድግዳ ላይ ይሳቡ፤ ከያዘው ጎሚኒ አያድነውም። የአሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ በማለስለሻ ድንጋይ አይፈቅ፤ ላዩ ላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን ይነሣና በጥቂት ወራት ይበላል።

ሌላው መንገድ ቶርኖ ቤት ወስዶ ውስጡን አስፍቶ የናስ ወይም የማይዝግ ብረት ቀፎ ማስገባት ነው። በጥሩ ባለሙያ እጅ ከተሠራ ከአዲስ ኮፒ አሥር እጥፍ እመርጠዋለሁ። ሁለት ነገር ግን ቆመው ያስፈጽሙ፦ ቀፎው ወደ ቀድሞው ልክ መመለሱን በካሊብሮ ማስለካት፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች በቀፎውም ላይ በቦታቸው ተበስተው ጠርዛቸው መለስለሱን ማየት። ጎሚኒውን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ ያብጣል። በፍሬን ዘይት ብቻ።

ትልቅ ማስተር ይሻላል?

«አንድ ኢንች ግጠም፣ ፍሬኑ ይጠነክራል» የሚለው ምክር በየጋራዡ አለ። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተቃራኒው ነው፤ ስለዚህ በቁጥር እንየው።

የውስጥ ዲያሜትሩ 22.22 ሚሊ ሜትር የሆነ ማስተር የፒስተኑ ስፋት 3.88 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የባለ 25.40 ሚሊ ሜትሩ፣ ማለትም የባለ አንድ ኢንቹ፣ 5.07 ነው። እግርዎ 40 ኪሎ ቢጫንና ፔዳሉ ስድስት እጥፍ ቢያባዛው 240 ኪሎ ፒስተኑ ላይ ያርፋል። በትንሹ ማስተር ይህ በካሬ ሴንቲ ሜትር 62 ኪሎ ግፊት ይሰጣል፤ በትልቁ 47 ብቻ። በትልቁ ፔዳሉ አጠር ብሎ ይይዛል፣ እግር ሥር ጠንካራ ይመስላል፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ኃይል ግን ሩብ ያህል ቀንሷል። ያንን ለመመለስ እግር በ30 በመቶ የበለጠ መጫን አለበት። ፔዳሉ ድንጋይ የሆነበት መኪና ሁልጊዜ ጥሩ የሚቆም መኪና አይደለም።

ትልቁ የሚያስፈልገው ፊቱ ወደ ዲስክ ፍሬን ሲቀየር ነው፤ የዲስኩ ፒስተኖች ብዙ ዘይት ስለሚጠጡ ትንሹ ማስተር ሳይዝ ፔዳሉ ያልቃል። ያኔ ከሰርቮ፣ የእግርን ግፊት ከሚያግዘው ዕቃ፣ ጋር ነው የሚሄደው። እዚህ ላይ ለደጋ ነዋሪ አንድ የተረሳ ነገር አለ። ሰርቮ የሚያግዘው በውጭው አየርና በውስጡ ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ የሰርቮው ትልቁ እገዛም በዚያው ልክ ያንሳል። አሜሪካ ወይም ዱባይ ላይ «ለስላሳ ነው» የተባለ ትልቅ ማስተርና ትንሽ ሰርቮ እዚህ ሲገጠም እግር ያደክማል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ በራሱ ባዶነት አይፈጥርም፤ በዲናሞው ጀርባ ያለው ቫኪዩም ፓምፕ ነው የሚሠራለት። ያ ፓምፕ ካረጀ ምንም ማስተር አያድንዎትም፤ መጀመሪያ እርሱን ያስፈትሹ።

ለታምቡር የተሠራ ማስተርና ለዲስክ የተሠራ ማስተር ልካቸው አንድ ቢሆንም አይለዋወጡም። የታምቡሩ በመውጫው ላይ ጥቂት ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ አለው፤ የጎማ ሲሊንደሮቹ ጎሚኒ ከንፈሩ እንዳይተኛ ያደርጋል። ይኸው ቫልቭ ዲስክ ላይ ከቀረ ፓዱ ዲስኩን እየፋቀ ይሄዳል።

ባለ አንድ መስመሩ

አሮጌዎቹ መኪናዎች ላይ ያለው ማስተር አንድ መውጫ ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ጎሚኒ ወይም አንድ ቱቦ ሲበጠስ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪናዎች የተከፈለ መስመርን ግዴታ ያደረገችው ለዚህ ነው። መኪናዎ እንዲህ ከሆነ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ወደ ጎን ትተው፣ ፊትና ኋላን የሚለይ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ይግዙ። ቱቦ ማስቀየሩ ያስወጣል፣ ማሰሪያውም ሥራ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ቤተሰቤን በባለ አንድ መስመር መኪና ቁልቁለት አላወርድም፤ ለማንም አልመክርም።

ሲገጠም

የቶዮታው የቱቦ ዳዶ (ቱቦውን ማስተሩ ላይ የሚያስረው) ኤም 10 በ1.0 ጥርስ ነው፤ ማለትም ስፋቱ 10፣ የጥርሶቹ ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ሁለንተናዊ ማስተር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ ነው፤ ስፋቱ 9.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኢንቹ ዳዶ ወደ ኤም 10 ቀዳዳ በጣት ይገባል፣ ልክ ይመስላል፣ ሲጠብቅ ግን ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ዳዶው በጣት እስከ መጨረሻ ገብቶ ግራ ቀኝ የሚነቃነቅ ከሆነ ቁልፍ አያስገቡበት።

አዲሱን ማስተር መኪናው ላይ ከማሠርዎ በፊት ሞርሳ ላይ ቀጥ አድርገው፣ ከመውጫዎቹ ወደ መያዣው የሚመለሱ አጫጭር ላስቲኮች አስገብተው፣ ፒስተኑን ቀስ እያሉ በእንጨት ይግፉ፤ አረፋው እስኪያልቅ። ይህን የዘለለ ሰው ጎማ ላይ ሙሉ ቀን አየር ሲያስወጣ ይውላል። የፔዳሉ መግፊያ ዘንግ ፒስተኑን ሳይነካ ጥቂት ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ረዝሞ ፒስተኑን ከገፋው ያች ትንሿ ቀዳዳ ተሸፍና የኮፒዬ ታሪክ ይደገማል፣ ማስተሩ የቱንም ያህል ኦርጅናል ቢሆን። ዘይቱ ከታሸገ ጠርሙስ፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205፣ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ለረጅም ቁልቁለት ዶት 4ን እመርጣለሁ። ዶት 5 ሲሊኮን ነውና ከሁለቱ ጋር አይቀላቀልም።

የእኔው ፒክአፕ አሁን የሚሄደው በአይሲን ማስተር፣ በቀድሞው ልክ፣ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነው። ከተገጠመ በኋላ ግቢ ውስጥ ፔዳሉን ረግጬ ሁለት ደቂቃ ያዝኩት፤ አልሰመጠም። ከዚያ ሃያ ኪሎ ሜትር ነድቼ ቸርኬዎቹን በእጄ መዳፍ ዳሰስኩ፤ አራቱም እኩል ለብ ብለዋል። የድሮውን የብረት ማስተር አልጣልኩትም፤ ቶርኖ ቤት የናስ ቀፎ ገብቶለት፣ በፍሬን ዘይት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከወንበሩ ጀርባ ተቀምጧል።