«165 ኸርዝ፣ 1 ሚሊሰከንድ» የሚል ርካሽ ሞኒተር ከመግዛታችሁ በፊት

ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች 165ቱ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 165 ምስል ያሳያል፤ ለእያንዳንዱ ምስል የሚደርሰው 6 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ጉዱ ያለው «1 ሚሊሰከንድ» የምትለዋ ላይ ነው። ከጎኗ በደቃቅ ፊደል ኤምፒአርቲ (MPRT፣ የሚንቀሳቀስ ምስል ብዥታ መለኪያ) የሚል ካለ፣ ስለ ፒክስሉ ፍጥነት የምትነግራችሁ ነገር የለም። የኋላ መብራቱን በየምስሉ መሀል እያጠፉ እያበሩ የተገኘች ቁጥር ናት። ያንን ሞድ ስታበሩት ስክሪኑ ይደበዝዛል፤ በርካሾቹ ላይ ደግሞ ከአዳፕቲቭ ሲንክ ጋር፣ ማለትም የስክሪኑን ፍጥነት ከጨዋታው ጋር ከሚያስማማው ባህሪ ጋር፣ አብሮ አይሠራም። አብዛኛው ሰው አንዴ ሞክሮ ያጠፋዋል፣ የተከፈለባት 1 ሚሊሰከንድም አብራ ትጠፋለች።

የፒክስሉ ፍጥነት የሚነገረው በጂቱጂ (GtG) ነው፤ ከአንድ ግራጫ ወደ ሌላ ግራጫ ለመሻገር የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። አምራቹ እዚህም ፈጣኗን ሽግግር መርጦ ይጽፋል። በርካሽ ቪኤ (VA) ፓነል፣ አንዱ የኤልሲዲ ስክሪን ዓይነት፣ ላይ ከጥቁር ወደ ደብዛዛ ግራጫ መሻገር ከ20 ሚሊሰከንድ ሊያልፍ ይችላል፤ ፒክስሉ አንዱን ቀለም ሳይጨርስ ሦስት አዲስ ምስል መጥቶበታል ማለት ነው። ጨለማ ቦታ ላይ ካሜራውን ስታዞሩ ከግድግዳው ጠርዝ ኋላ የሚጎተተው ጥቁር ጥላ ይኸው ነው። ኦቨርድራይቩን (ፒክስሉን የሚያፈጥነውን ቅንብር) እስከ ጥግ ብትጨምሩት ጥላው በነጣ ጠርዝ ይተካል፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። መሀለኛው ደረጃ ላይ ተዉት።

ቪኤ ራሱ መጥፎ አይደለም። ንጽጽሩ (የነጩና የጥቁሩ ብርሃን ልዩነት) 3000 ለ1 አካባቢ ስለሆነ ለፊልም 1000 ለ1 ገደማ ካለው አይፒኤስ (IPS) ከሚባለው ሌላ የፓነል ዓይነት ይሻላል። ለፈጣን ተኩስ ጨዋታ ግን አይፒኤስ ፈልጉ። በዚህ የዋጋ ክልል የጎበጠ ስክሪን ካያችሁ ቪኤ ነው ብላችሁ ብትገምቱ እምብዛም አትሳሳቱም።

ሌላው ቅሬታ፣ አዳፕቲቭ ሲንክ ሲበራ ብርሃኑ ይርገበገባል የሚለው ነው። ቪኤ ላይ የተለመደ ነው፤ የጨዋታው ፍሬም (በሰከንድ የሚያወጣው ምስል ብዛት) ድንገት ሲወጣና ሲወርድ፣ በተለይ ሎዲንግ ላይ፣ የሪፍሬሽ ፍጥነቱ አብሮ ይዘላል፣ ብርሃኑም ይለዋወጣል። ስክሪኑ ያለማቋረጥ ከሚያገኘው ፍሬም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ የፍሬም ገደብ ብታስቀምጡ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

«ኤችዲአር (HDR፣ ብሩሁንና ጨለማውን በሰፊ ልዩነት የሚያሳይ ምስል) ይደግፋል» የሚለውን እርሱት። ሲግናሉን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው። የስክሪን ደረጃ የሚያወጣው ማኅበር፣ የቬሳ፣ ዝቅተኛው ደረጃ፣ ዲስፕለይ ኤችዲአር 400፣ እንኳ 400 ኒት (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይጠይቃል፤ ርካሾቹ ብዙዎቹ 250 እና 300 ላይ ናቸው።

እቃው እጃችሁ ከገባ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ፈትሹት። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 60 ኸርዝ ላይ ይተወዋል፤ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕለይ፣ አድቫንስድ ዲስፕለይ ገብታችሁ ቀይሩት። 165 ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። አንዳንዱ ሻጭ ካርቶኑ ውስጥ ኤችዲኤምአይ ብቻ ይከታል፣ የሞኒተሩ ሶኬት ደግሞ 1.4 ከሆነ በ1080 ጥራት (1920 በ1080 ፒክስል) ብዙውን ጊዜ 120 ላይ ይቆማል። ዲስፕለይፖርት የሚባለውን ኬብል ተጠቀሙ። ቀጥሎ ቴስትዩፎ (TestUFO) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የፍሬም ስኪፒንግ (ምስል መዝለል) ፈተናውን ከፍታችሁ፣ የስልካችሁን ካሜራ ሹተር 1/10 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የበሩት ሳጥኖች ሳይቋረጡ መደዳውን ከተሰለፉ ደህና ነው። በየመሀሉ ክፍተት ካለ ስክሪኑ 165 እየተቀበለ ፍሬም እየዘለለ ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ መልሱት።

በመጨረሻ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሙሉ ስክሪን እየቀያየራችሁ የሞተ ፒክስል ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የዋስትና ወረቀቱን አንብቡ። አይኤስኦ 9241-307 ክላስ 2 (የስክሪን ፒክስል ጉድለት መመዘኛ) የሚል ከሆነ በየሚሊዮኑ ፒክስል 2 ሁልጊዜ የሚበራ እና 2 ሁልጊዜ የጠቆረ ይፈቅዳል፤ የ1080 ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ስላለው መሀል ላይ አንድ የምታበራ ነጥብ አለች ብላችሁ ብትከራከሩ በዋስትናው አይቀይሩላችሁም።