ሥራ ሲታወክ የማይከዳ መርሐ ግብር፦ ከአራቱ የትኛው ይሻላል?

ቢሯችን ካዛንቺስ ሳለ የሥራ መርሐ ግብራችን የሚገኘው ትሬሎ በሚባለው፣ ሥራዎችን በካርድ በሚያሳይ የኢንተርኔት መሣሪያ ላይ ብቻ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ወደ ሜክሲኮ ተዛወርን። አዲሱ ቢሮ ኢንተርኔት እስኪገባለት ድረስ ሠራተኞቻችን የነገ ሥራቸውን የሚያውቁት በስልክ እየተጠያየቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌር ልግዛ የሚለኝን ሁሉ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ፤ መስመር ሲቋረጥ ዕቅዱ የት ይገኛል? አንድ ሥራ ሲዘገይ የቀሩትን ቀናት ማን ያስተካክላል? በእነዚህ ጥያቄዎች አራቱን፣ ማለትም ትሬሎን፣ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትንና ፕሮጀክትሊብርን (ሁለቱ የመርሐ ግብር ማውጫ ሶፍትዌሮች ናቸው) እንዲሁም ነጭ ሰሌዳን እንመዝናቸው።

ትሬሎን ለመልመድ ግማሽ ቀን ይበቃል። ፎርማኑ ከሳይት ፎቶ አንሥቶ ካርዱ ላይ ይለጥፋል፤ ቢሮ ያለው ወዲያው ያያል። በነጻው አገልግሎት እስከ 10 ሰው በአንድ የሥራ ቦታ መጠቀም ይችላል። የስልክ መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔትም ለውጦችን ይዞ ያቆያል። ነገር ግን ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደቆየው ዓይነት ሲያጋጥም፣ እያንዳንዱ ሰው በስልኩ ላይ የራሱን የተለየ ዕቅድ ይዞ ይቀራል። የዶላሩም ጉዳይ አለ። የሚከፈልበትን አገልግሎት ለመረጠ፣ ለ10 ሰው በወር በነፍስ ወከፍ 5 ዶላር ቢታሰብ የዓመቱ 600 ዶላር ነው። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ ማንም ሳይጨምረው ወጪው ከ34,200 ወደ 44,400 ብር ደረሰ ማለት ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ ትሬሎ ደካማ ነው። የአንዱ ካርድ ቀን ሲቀየር የሌላው በራሱ አይንቀሳቀስም። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትና ፕሮጀክትሊብር የሚበልጡት እዚህ ላይ ነው። ሴራሚኩ ጅቡቲ ላይ 10 ቀን ቢቆይ፣ እሱን ተከትለው የሚመጡት የበርና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ገጠማ ቀኖች አብረው ይገፋሉ፤ የርክክቡን ቀን የሚጎዳው የትኛው መዘግየት እንደሆነም ለይተው ያሳያሉ። ይህ ስሌት በ1957 እ.ኤ.አ. ለኬሚካል ፋብሪካ ሥራ ተብሎ የተቀመረ ነው፤ ለእኛ ሲሚንቶና ብረት ግን የተሠራ ይመስላል።

በሁለቱም ላይ በዓላትን ማስገባት ግድ ነው፤ እዚህ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሶፍትዌሮቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ እንቁጣጣሽን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ብሎ የሞላ ሰው በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይስታል፤ ያን ጊዜ በዓሉ 12 ላይ ይውላል። ፋሲካና የሙስሊም በዓላት ደግሞ በየዓመቱ እንደገና መሞላት አለባቸው።

ሁለቱ የሚለያዩት በዋጋና በተቀባይነት ነው። ፕሮጀክትሊብር ነጻ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት በኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል፤ የማይክሮሶፍቱንም ፋይል ይከፍታል። ሆኖም ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አንዳንድ ነገር ሊዛባ ስለሚችል ቀኖቹን መፈተሽ ያሻል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት አንድ ጊዜ ተከፍሎ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ዓይነት አለው፤ በዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል። አማካሪ መሐንዲሱ በእሱ ካልሆነ አልቀበልም ካለ ይግዙት። ካለዚያ ገንዘቡን ለጀነሬተር ነዳጅ ቢያውሉት እመርጣለሁ።

ነጭ ሰሌዳና ማርከርን አትናቁ። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ሰሌዳው ይነበባል። ድክመቱ ከግድግዳው አለመነቀሉ ነው፤ ማታ ማታ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ቢላክ ይህም ይቃለላል። ከ10 ሰው ለማይበልጥና አጫጭር ሥራ ለሚሠራ ቢሮ እሱና የትሬሎ ነጻ አገልግሎት ይበቁታል። ግንባታ ለያዘ ግን ፕሮጀክትሊብርን እመክራለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ዕቅዱን አትሞ ሳይት ላይ መለጠፍ ሳይረሳ።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሙሉ የሥራ ቀን የቢሮውን ራውተርና የሠራተኞቹን የሞባይል ኢንተርኔት አጥፍተው፣ ሁሉም ሥራውን በመረጡት መሣሪያ ይቀጥል።