በቤት ውስጥ ሂፕሆፕ ዳንስ መማር፦ የአንድ የጀማሪዎች የቪዲዮ ኮርስ ግምገማ

ከዚህ በፊት ዳንስ ተምሬ አላውቅም። ለስድስት ሳምንታት በቤቴ የተከታተልኩትን ይህን ኮርስ ለጀማሪ የምመርጠው አስተማሪው ከማናቸውም እርምጃ በፊት ባውንስን ስለሚያስቀድም ነው። ባውንስ ጉልበትን አላልቶ በእያንዳንዱ ምት ሰውነትን ወደ ታች መልቀቅ ሲሆን፣ እርሱ ከሌለ እርምጃው በትክክል ቢሠራም እንኳ ሂፕሆፕ አይመስልም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ላይ መቆየታችን መጀመሪያ አሰልችቶኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን እግሬ አዲስ እርምጃ እየለመደ ሳለ ጉልበቴ ምቱን ሳይስት ሲቀጥል አስተማሪው ለምን እንዳልቸኮለ ገባኝ።

ከሁሉ የወደድኩት የረኒንግ ማን (ባሉበት ቦታ ሆነው የሚሮጡ የሚያስመስል እርምጃ) ትምህርቱን ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን እግር አንስቶ ካሳረፈ በኋላ ሌላውን ወደ ኋላ ስለሚጎትት፣ እንቅስቃሴው ለሁለት ተቆርጦ የሩጫ መልኩን ያጣል። አስተማሪው ካሜራውን ወለሉ አጠገብ አስቀምጦ እግሩን ብቻ በማሳየት፣ የተነሣው እግር መሬት በሚነካበት ቅጽበት የቆመው እግር ወደ ኋላ እንደሚንሸራተት ደጋግሞ ያሳያል። እኔም የገባኝ ሙዚቃውን አጥፍቼ፣ ከአንድ እስከ ስምንት ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ለአራት ቀናት ከሠራሁት በኋላ ነው።

ቅሬታ የለኝም ማለት አልችልም። በበርካታ ትምህርቶች አስተማሪው ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ስለሚሠራና ቪዲዮው እንደ መስታወት ስላልተገለበጠ፣ የእርሱ ቀኝ ለተመልካቹ በግራ በኩል ይታያል፤ ይህም ገና ቆጠራ ለሚለማመድ ሰው ከባድ ሸክም ነው። ከዝግታ ቆጠራ ወደ ሙሉ የዘፈን ፍጥነት የሚሸጋገረውም በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ቪዲዮውን በ0.75 ፍጥነት ማየት ግድ ሆኖብኛል። ስለ ወለል ምንም አለመባሉ ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምንጣፍ ጫማን ስለሚይዝ መዞሩ በጉልበት ላይ ጫና ያሳርፋል፣ ለስላሳ ወለል ላይ በካልሲ መሥራትም ያንሸራትታል።

የታሪኩ ክፍል አጭር ቢሆንም ጠንቃቃ ነው። የሂፕሆፕን ባህል በ1973 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ብሮንክስ ዲጄ ኩል ኸርክ ካሰናዳው ግብዣ ጋር ያያይዘዋል፤ ሎኪንግና ፖፒንግ ግን በካሊፎርኒያ የተወለዱ፣ የየራሳቸው ሥርዓት ያላቸው ዳንሶች መሆናቸውን ለይቶ ያስረዳል።

የመጨረሻው ትምህርት የተዘጋጀ ቅንብር የለውም፤ ሙዚቃው ይከፈትና ተማሪው የተማራቸውን እርምጃዎች በራሱ ቅደም ተከተል እንዲያያይዝ ይተዋል። እኔ እስካሁን ስድስት ጊዜ ተመልሼበታለሁ።