የአንበሳ ግቢን የድሮ ፎቶ የት እናስገልብጥ? አራት ኪሎ ያለው ትንሹ ፎቶ ቤት

እ.ኤ.አ. በ1948 ስድስት ኪሎ ላይ የተከፈተው አንበሳ ግቢ በስንት ቤት አልበም ውስጥ አለ! እነዚያን ፎቶዎችና ኔጋቲቮች ወደ ኮምፒውተር ለማስገልበጥ ይህ ፎቶ ቤት ጥሩ ነው፤ ግን ትእዛዙን በዝርዝር መንገር ግድ ይላል።

ለታተመ ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል። የ35 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ግን ቢያንስ 2400 ይፈልጋል። ፊልሙን በመያዣ ፍሬም ነው የሚያስገቡት፤ ትክክል ናቸው፣ ፊልም የስካነሩን መስታወት ሲነካ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይወጣል።

ችግሩ ማስተካከያው ላይ ነው። ጭረት የሚያጠፋው ፕሮግራም የአጥሩን ሽቦና የአንበሳውን ጢም ጭረት መስሎት ይፍቃቸዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያልተነካውን ቲፍ ፋይል (ጥራቱ ሳይቀነስ የሚቀመጥ የምስል ፋይል) ተቀበሉ። በኢንፍራሬድ (በዓይን በማይታይ ጨረር) የሚሠራው አቧራ ማጥፊያም ለተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም አይሆንም፤ ምስሉን የያዘው ብር ራሱ ጨረሩን ስለሚያግድ እንደ አቧራ ይቆጠራል። ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ሲበዛ ደግሞ እስከ ደረትና ሆድ የሚወርደው ጥቁር ጎፈር ድፍን ጥላ ይሆናል። የእነዚህ አንበሶች መለያ ይኸው ጎፈር ነውና ጸጉሩ የጠፋበትን ኮፒ አትቀበሉ።

ግራና ቀኙ እንዳይገለበጥ በምስሉ ውስጥ ጽሑፍ ካለ ፊደሉን እዩ። የፎቶውን ጀርባ ስካን የሚያደርጉት ከተጠየቁ ብቻ ነው፤ ቀን የተጻፈበት ከሆነ ጠይቁ። አልበም ላይ የተጣበቀውን ደግሞ አትላጡት፣ ከነገጹ ስካን ይደረግ።