ባለ ሁለት ገጹ መክተፊያዬ፣ ከ14 ወር በኋላ

ባለፈው ዓመት ለገና ስጦታ አምስት መክተፊያ ሠርቼ ነበር። አራቱን ለዘመድ ወዳጅ ሰጠሁ፣ አንዱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛው ቤት ቀረ። እናቴ አብራን ስለምትኖር መክተፊያው ዕረፍት የለውም፤ ለበዓል ዶሮ ወጥ የሚሆነው ሽንኩርት ብቻውን አንድ ሰዓት ሙሉ ይከተፍበታል። አሁን 14 ወር ሞልቶት ሁለተኛውን ዐቢይ ጾም ይዟል። እንዲህ ያለ ስጦታ ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ የወደድኩትንም የተሳሳትኩበትንም ልንገራችሁ።

ዓይነቱ ፈረንጆች ኤንድ ግሬን የሚሉት ነው። እንጨቱ እንደ ጣውላ አልተጋደመም፣ ቆሟል፤ ቢላው የሚያርፈው የተቆረጠው ጫፍ ላይ ነው። አገር ቤት ሥጋ ቤት ውስጥ የምናውቀው ጉማጅ ግንድ ያው እሱ ነው። የእኔው ሜፕል ከሚባል ነጣ ያለ እንጨትና ዋልነት ከሚባል ጠቆር ያለ እንጨት የተጣበቀ ሲሆን 40 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ ከ3 ኪሎ በላይ ነው። ሲከትፉበት ከቦታው አይንቀሳቀስም።

በጣም የወደድኩት ለቢላ ያለውን ርኅራኄ ነው። ስለቱ ቃጫውን አይቆርጠውም፣ እንደ ቆመ ሣር በመሃሉ ሰርጎ ይገባል። ለፋሲካ ሁለት ኪሎ ቀይ ሥጋ ለክትፎ ስንከትፍ ገጹ በቀጫጭን መስመር ተሞልቶ ነበር። ታጥቦ፣ አድሮ፣ ዘይት ሲቀባ አብዛኛው መስመር ተመልሶ ገጠመ። በፕላስቲክ መክተፊያ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ የምስለውን ቢላ አሁን በወር ተኩል አንዴ ብስለው ይበቃኛል። ድምፁም ሌላ ነው፤ ቀጭን ጣውላ እንደሚጮኸው አይጮኽም፣ ዱብ ዱብ ይላል።

ጥሬ ሥጋ እንጨት ላይ መክተፍ ያሳሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔንም አሳስቦኝ ነበር። ዲን ክላይቨር የተባሉ የምግብ ደኅንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ምርመራ፣ እንጨት ላይ የተደረገ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ ሰምጦ ቀስ በቀስ እንደሚሞት አሳይተዋል፤ በቢላ የተቧጨረ ፕላስቲክ ግን በእጅ ታጥቦ በቀላሉ አይጠራም። ይህ ከማጠብ አያድንም። ከጥሬ ሥጋ በኋላ ወዲያው በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ፣ አልፎ አልፎም ወደ 4 ሊትር በሚጠጋ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና በጥብጬ እወለውለዋለሁ። የሽንኩርት ሽታ በጨውና በሎሚ ይለቃል። እርድ ግን ነጩን ሜፕል ይይዘዋል፣ እስካሁን ቢጫ ጥላ አለ። በርበሬ እንደዚያ አላስቸገረኝም።

አሁን ወደ ስሕተቴ። መክተፊያውን ስሠራ የጎማ እግር ሆን ብዬ ተውኩለት። እናቴ ጾም አጥባቂ ናት፣ የጾሙና የፍስኩ ዕቃ ተለይቶ እንዲቀመጥ ትፈልጋለች። እግር ከሌለው ሁለቱም ገጽ ያገለግላል ብዬ በአንዱ ጥግ ላይ ትንሽ የዋልነት መስቀል አስገባሁና «እማዬ፣ መስቀል ያለበት የጾም፣ ሌላው የፍስክ» አልኳት። አገላብጣ አየችው፣ በመዳፏም ዳሰሰችው። «እጅህ ይባረክ ልጄ። ግን እንጨቱ አንድ ነው፤ ቅባቱን ከወዲያ ጠጥቶ ከወዲህ ጾመኛ ነኝ ይለኛል?» አለችኝ። 4 ሴንቲ ሜትር አልፎ የሚመጣ ቅባት እንደሌለ ላስረዳት ሞከርኩ። ሰምታኝ ስታበቃ ጎመኑን በአሮጌው ፕላስቲክ ላይ ከተፈች። ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን እንዲያ አለፈች።

መክተፊያውም የእሷን ወገን ይዞ ተገኘ። እግር ስለሌለው እርጥብ ካውንተር ላይ ተኝቶ ያድራል፤ ላዩ ሲደርቅ ታቹ ውሃ ይጠጣል። ቆሞ የተሠራ እንጨት ደግሞ ውሃ ሲጠጣ በርዝመትም በወርድም ያብጣል። በአምስተኛው ወር ገደማ፣ እርጥበት የሚበዛበት የሜሪላንድ በጋ ሲገባ፣ ታቹ አብጦ እንደ ሳህን ጎበጠ፤ ቢላ ሳሳርፍበት ወዲህና ወዲያ ይወዛወዝ ጀመር። በጠርዙ አቁሜ ለአንድ ሳምንት በሁለቱም በኩል ነፋስ እንዲያገኘው ባደርግ ከሞላ ጎደል ተመለሰ። ክረምት ገብቶ የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው ግን ሁለት እንጨት ከተጋጠመበት ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስንጥቅ ወጣ። ኮላ አጠጥቼ በሞርሳ ጠፍሬ አሳደርኩት፤ እስካሁን ይዟል።

ኮላው አላታለለኝም፤ ታይትቦንድ 3 ነው፣ ውሃ ይቋቋማል። ጥፋቱ የእኔ ንድፍ ነው። አራት የጎማ እግር በማይዝግ ብሎን ብመታለት ኖሮ ከሥሩ አየር ይገባ ነበር። ሁለት ገጽ ላተርፍ ብዬ አንዱንም አበላሸሁ። የጾምና የፍስክ የሚለይበት ቤት ለምትሰጡ ሁለት መክተፊያ ሥሩ፦ ወፍራሙን ለሥጋው፣ ቀለል ያለውን ለጎመኑ፣ ሁለቱንም ባለ እግር።

ስለ ዘይቱ አደራ። የምግብ ዘይት እየቆየ ይሸታል፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ሚኒራል ዘይት ነው የሚሻለው። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በወር አንዴ እስኪጠግብ አጠጡት፤ ጠርዙን አትርሱ። አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ዘይት አቅልጣችሁ ከላይ ብትቀቡት ውሃ ቶሎ አይሰርግበትም። ከሰጠኋቸው አንዱ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሁለት ቦታ ተላቆ ተመለሰልኝ። የሰጠኋትን ሴት አልወቅስም፣ ስሰጣት አንድም ቃል አልነገርኳትም። አሁን ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጠርሙስ ዘይትና በእጄ የጻፍኩት ወረቀት አብሮ ይሄዳል።

ለእናቴ ሁለተኛውን ከሜፕል ብቻ ሠርቼላታለሁ፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር። ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ጾሙ ሲገባ ፕላስቲኩን ራሷ አውጥታ ጣለችው። ለሌሎቹም ቤት ለቤት እየዞርኩ እግር እየመታሁላቸው ነው፤ ሦስቱን ጨርሻለሁ፣ ቨርጂኒያ ያለው ይቀረኛል።